«ያልፋል» አትበሉን! ጊዜው ያልፋል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል

ወገኔ፣ አንብበህ ሳትጨርስ ላይክ አታድርግ። እህቴ፣ አንቺም ረዘመ ብለሽ አትለፊው፣ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው፦ «ያልፋል»።

ስራ ፈልገህ ደክሞህ ቤት ስትገባ እናትህ «አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል» ትልሃለች። እሷ ትበል። ከአንጀቷ ነው፤ ሌላ የምትሰጥህ ስለሌላት ነው። ግን ይህንኑ ቃል ባለስልጣኑም ይለዋል፣ ቀጣሪውም ይለዋል፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚተነትነውም ይለዋል። «ኢኮኖሚው ለጊዜው ተቸግሯል፣ ትንሽ ታገሱ፣ ያልፋል።» ከእናት አፍ ሲወጣ ማፅናኛ ነው። ከእነሱ አፍ ሲወጣ ግን ምንም ላለማድረግ የተሰጠ ምክንያት ነው።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ክፉ ጊዜ ያልፋል፣ እውነት ነው። ግን በክፉ ጊዜ ስራ ፍለጋ የወጣ ወይም ከስራው የተባረረ ሰው ላይ የሚተወው ጠባሳ ከጊዜው ጋር አብሮ አያልፍም። አስር ዓመት፣ አስራ አምስት ዓመት፣ አንዳንዱ ላይ ዕድሜ ልኩን ይቆያል። ስለዚህ «ጠብቁ» ማለት መፍትሄ አይደለም። መጠበቁ ራሱ ጉዳት ነው።

«ይሄ የስራ አጥ ምሬት ነው» የሚል ካለ ቁጥር እናምጣ። መጀመሪያ ከሀብታሞቹ ሀገር እንጀምር፤ ምክንያቱም እዚያ የሰው ደሞዝ ለዓመታት ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ጉዳቱ ተለክቷል።

ሊሳ ካን የምትባል አሜሪካዊት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት ከኮሌጅ የተመረቁ ነጭ ወንዶችን አጠናች። በዚያ መሃል፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ገብታ ነበር። ምን አገኘች? በተመረቁበት ዓመት የስራ አጥነት መጠን በ1 ፐርሰንት ከፍ ባለ ቁጥር የመጀመሪያ ደሞዛቸው ከ6 እስከ 7 በመቶ ያንሳል። ይሄስ ይጠበቃል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ድቀቱ ተረስቶ፣ ሰዎቹ ትዳር ይዘው ልጅ ወልደው እንኳ፣ ደሞዛቸው ገና 2.5 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ያጠፉት ነገር የለም። ጥፋታቸው የተመረቁበት ዓመት ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ በዚያች ሀገር ቀለማቸውም ፆታቸውም በር የማያዘጋባቸው ሰዎች ናቸው። ሌላው ምን እንደሚሆን አንተው ገምት።

ካናዳም ተጠንቷል። እዚያ በድቀት ጊዜ የተመረቁ ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ከገቢያቸው 9 በመቶ ገደማ ያጣሉ፤ ጉዳቱ እስኪጠፋ ወደ 10 ዓመት ይፈጃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ያገገሙት ቁጭ ብለው ስለጠበቁ አይደለም፤ መጀመሪያ ካገኙት ደካማ ድርጅት ወደ ተሻለ ድርጅት እየተቀያየሩ ነው። መሰላል ነበራቸው። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስራ ይዘው የነበሩትስ? ስቲቨን ዴቪስና ቲል ፎን ቫክተር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ድርጅታቸው ሰራተኛ በጅምላ ሲቀንስ የተባረሩ ወንዶችን አስልተዋል። የስራ አጥነት መጠኑ ከ6 በመቶ በታች በሆነበት ጊዜ የተባረረ ሰው በቀጣዮቹ ዓመታት የሚያጣው ሲደመር የ1.4 ዓመት ደሞዙን ያህል ነው። ከ8 በመቶ በላይ በሆነበት ጊዜ የተባረረ ግን 2.8 ዓመት። እጥፍ! ሁለቱም ሰርተው የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። የለየያቸው የተባረሩበት ጊዜ ነው።

ጃፓንን ደግሞ እይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። እዚያ ትላልቅ ድርጅቶች ሰው የሚቀጥሩት በዓመት አንዴ፣ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲ ነው። ያቺ በር ካመለጠችህ አመለጠችህ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦታው የአዲስ ምሩቅ ነው። ከ1993 ጀምሮ ለአስር ዓመት ገደማ የተመረቁት «የስራ በረዶ ዘመን ትውልድ» ተባሉ። ብዙዎቹ በጊዜያዊ ስራ ላይ ቀሩ፣ ሳያገቡ የቀሩ አሉ፣ በወላጅ ጡረታ የሚኖሩ አሉ። መንግስት ነቅቶ 300,000 የሚሆኑትን በሶስት ዓመት ቋሚ ስራ አስይዛለሁ ብሎ ዕቅድ ያወጣው በ2019 ነው። ያኔ ከእነዚያ «ወጣቶች» ብዙዎቹ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር! በዚያው ዓመት ታካራዙካ የምትባል አንዲት ከተማ ለዚህ ትውልድ ብቻ ብላ 3 ክፍት ቦታ ስታወጣ ከ1,500 በላይ ሰው ተመዘገበ። እነሱም በሃያዎቹ እያሉ «ያልፋል» ተብለው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

«ኢትዮጵያ እኮ ድቀት ውስጥ አልገባችም፣ ኢኮኖሚው እያደገ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ጠቅላላው ድምር አድጓል እንበል። አንተ የምትበላው ግን ድምሩን አይደለም። ጠባሳውን የሚተወው ሁለት ነገር ነው፦ አንተ በወጣህበት ዓመት የተከፈተው በር መጥበቡ፣ እና ያገኘኸው ደሞዝ የሚገዛው ነገር ማነሱ። በእነዚህ በሁለቱ የኛን ዓመታት ቁጠራቸው።

በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፤ ብዙዎቻችን የምንመረቅበት ጊዜ ተገፋ። በ2013 ጦርነት። ታህሳስ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ከጦርነቱ ጋር አያይዛ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትልቁ ስም ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናግሮ ነበር። እዚያ መኪና ላይ ተቀምጠው ሸሚዝ ይሰፉ የነበሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ የእኛ ዕድሜ ሴቶች ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ከዓለም የልብስ ሰራተኞች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ፅፎ ነበር። ያችን 26 ዶላር ነው የተቀሙት። ጦርነቱን እነሱ አላወጁ፣ ማዕቀቡን እነሱ አልፈረሙ።

በዚያው 2014 የኑሮ ውድነቱ በመንግስት በራሱ ቁጥር በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ሂሳቡን ስራው፦ ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ሲጨምር፣ ጭማሪ ያላገኘ ደሞዝ በሶስት ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ።

ስደቱም አላዳነንም። ሊባኖስ ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ የኛ እህቶች ላይ የሆነውን ታስታውሳለህ። በ2012 ግንቦትና ሰኔ አሰሪዎቻቸው ደሞዛቸውን ሳይከፍሉ በመኪና አምጥተው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጣሏቸው። የሰው ሀገር ድቀት መጀመሪያ የሚጥለው ተቆርቋሪ የሌለውን ነው።

እና የኛ ባች በዚህ መሃል ነው ዲግሪውን ይዞ የወጣው። እኔ በ2014 በአካውንቲንግ ተመረቅኩ። ስንቴ ሲቪ እንዳስገባሁ አልነግርህም፤ አንተም ታውቀዋለህ። የምነግርህ ጠባሳው እንዴት እንደሚሰራ ነው።

አንደኛ፣ የዓመት በር። ማስታወቂያዎቹን ቴሌግራም ላይ እያቸው፦ «ዜሮ ዓመት፣ የ2016 እና የ2017 ተመራቂ ብቻ።» ልምድ የሚጠይቀው ቦታ ልምድ የለህም ይለኛል፤ ልምድ የማይጠይቀው ደግሞ ቆየህ ይለኛል። ጀማሪ ለመሆን አርጅቻለሁ፣ ልምድ ያለው ለመሆን አልጀመርኩም። ይሄ እኮ የጃፓኗ በር ናት፣ እኛም ሀገር ተተክላለች!

ሁለተኛ፣ የማይቆጠር ስራ። ቁጭ አላልንም እኮ። ጓደኛዬ ሲቪል ኢንጂነር ነው፣ ኮብልስቶን ነጥፏል። ሌላዋ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ስትይዝ ሁለት ዓመት ሰራች፣ ያለ ውል። ስራ ስታመለክት «የስራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ አምጪ» አሏት። አሰሪዋ አልከፈለም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመቷ እንዳልኖረ ተቆጠረ። ግብሩን ያልከፈለው እሱ፣ የተቀጣችው እሷ።

ሶስተኛ፣ የተያዘ ወረቀት። ኮስት ሼሪንግህን ካልከፈልክ ዋናውን ዲግሪህን አታገኝም። ስራ ካላገኘህ ደግሞ ከምን ትከፍላለህ?

አራተኛ፣ ጡረታ። በሃያ አምስት ዓመትህ ስለ ጡረታ ማን ያስባል? ግን በግል ድርጅት በሕጋዊ ውል የሚሰራ ሰው በየወሩ እሱ 7 በመቶ፣ አሰሪው 11 በመቶ ያስገቡለታል። አንተ ስራ ፈልገህ ያጣህበት እያንዳንዱ ዓመት ከሽምግልናህ ላይም ይቀነሳል።

አሁን ያዝልኝ ወዳልኩህ ነጥብ ልመለስ። ካናዳዊው በ10 ዓመት ያገገመው መሰላል ስለነበረው ነው፤ ትንሽ ስራ ይዞ ወደ ተሻለው ወጣ። ከያዘው ስራ ሲቀነስም መንግስቱ የስራ አጥ መድን ይከፍለዋል። እኛ ሀገር እንዲህ ያለ መድን የለም። የኛ መድን እናትና አባት ናቸው፤ ዓረብ ሀገር ያለች እህት ናት። የመሰላላችንን የመጀመሪያ እርከን ደግሞ ማስታወቂያው ነቅሎታል። ታዲያ እነሱ በ10 ዓመት የተሻገሩትን እኛ በስንት እንሻገረዋለን?

«ወጣቱ ስራ ይንቃል» ለሚሉ አንድ ቃል አለኝ። ስራ አልናቅንም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ድንጋይ የፈለጠ ትውልድ ስራ ይንቃል አይባልም። «ስራ ፈጣሪ ሁን» የምትሉንም፣ እሺ፣ ደስ ይለናል። ግን ብድር ስንጠይቅ ቤትና መኪና በማስያዣ አምጣ የምትሉን እናንተው ናችሁ። ቤት ቢኖረኝ አከራየው ነበር።

ለኛም ለራሳችን አንድ ነገር ልበል፣ ቅር አይበላችሁ። ስራ ያጣ ወጣት ርካሽ ማገዶ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። «ስራህን የወሰደብህ የእከሌ ልጅ ነው» ብለው ሊያነዱህ ይመጣሉ። አስተውል። የጎረቤትህም ልጅ እንዳንተው ሰሌዳ ስር ቆሞ ማስታወቂያ ይገለብጣል። በዘመድና በጉቦ የሚቀጥረው ሰውዬ ካለ እሱን በስሙና በማስረጃ ክሰሰው፤ አንድን ሕዝብ አትክሰስ። ቁጣህ የሚገባው ቦታ ካልደረሰ ባክኖ ይቀራል፣ አንተንም ይጨርስሃል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሀገሪቱ ደሃ ናት» ትለኝ ይሆናል። ድህነት ሁሉን ነገር አይመልስም። ተስፋ ስላለ ነው የምፅፈው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰራ ጥናት አለ። ግርማ ሳይሆን ግሩም አበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስራ ፈላጊ ወጣቶችን ወሰደ። ለአንዱ ቡድን ስራ አፈላለግ፣ ሲቪ አፃፃፍና ቃለ መጠይቅ አሰለጠኑት፤ ችሎታውን ፈትነው ለቀጣሪ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ሰጡት። በቃ፣ ይሄው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲለኩ የዚያ ቡድን ገቢ ካልሰለጠኑት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ፋብሪካ አልተገነባም፣ ቢሊዮን አልወጣም። ሲጀመር የተሰጠች ትንሽ ግፊት ለዓመታት ተከተለቻቸው። ጠባሳ ለዓመታት እንደሚከተለው ሁሉ፣ እርዳታም በጊዜው ከደረሰ ለዓመታት ይከተላል ማለት ነው።

ስለዚህ ልመና አይደለም፣ ጥያቄ አለን። አምስት ነው፦

1. ከስራ ማስታወቂያ ላይ የምረቃ ዓመት ገደብ ይነሳ። ፈትነን። ከወደቅን እንውደቅ፤ በተመረቅንበት ዓመት ግን አትጣለን። ይሄ አንድ ብር አያስወጣም።

2. ክፍያ ያለው የልምምድ ስራ ይከፈት፣ በተለይ ከ2012 እስከ 2016 ለወጡት። የሰሩበት ጊዜም በመንግስትም በግልም እንደ ሙሉ የስራ ልምድ ይቆጠር።

3. አሰሪው ግብር ስላልከፈለ የሰራተኛው ልምድ አይሰረዝ። ስራውን መስራቱ ከተረጋገጠ ይቆጠርለት፤ ግብሩን ከአሰሪው ጠይቁ።

4. ዋናው ዲግሪ ይሰጠን። ዕዳው ዕዳ ነው፣ ስራ ስንይዝ ከደሞዛችን ይቆረጥ። መስሪያውን ይዛችሁ «ሰርታችሁ ክፈሉ» አትበሉን።

5. ከፋብሪካና ከድርጅት በጅምላ ለተቀነሱ ሰራተኞች፣ ሳይበተኑ፣ በተቀነሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የስራ ማገናኛና ስልጠና ይድረስ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ስልጠና ለፎቶ ነው።

«የማይቻል ነው» እንዳትሉን። ሕዳሴ ግድብን አስቡት። መሰረቱ ሲጣል በ2003 እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተናል፣ ወላጆቻችን ከደሞዛቸው ቦንድ ገዝተዋል። 14 ዓመት ተሰርቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ይህ ሕዝብ ለአንድ ግድብ 14 ዓመት ማቀድና ማዋጣት ከቻለ፣ ይህች ሀገር ለገዛ ልጆቿ የአምስት ዓመት ዕቅድ ማውጣት አያቅታትም። ከግድቡ የሚወጣውን መብራት ፋብሪካ ውስጥ ወደ እንጀራ የሚቀይረው እኮ ዛሬ ቤት የተቀመጠው ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ነው። ሀገር መውደድ ባንዲራ ማውለብለብ ብቻ አይደለም፤ ሀገሪቱ አስተምራ ያወጣችውን ሰው እንዳትጥል መጠየቅም ሀገር መውደድ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ይሄን አድርግ። እናትህ «ያልፋል» ስትልህ «አሜን» በላት፣ እጇን ሳም። ባለስልጣን ወይም ቀጣሪ «ያልፋል» ሲልህ ግን «መቼ? እስከዚያስ ለኛ ምን ተደረገ?» ብለህ ጠይቀው። በስብሰባም ጠይቅ፣ በወረዳም ጠይቅ፣ በጨዋ አንደበት፣ ግን ሳትፈራ።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ። ኮሜንት ላይ ሶስት ነገር ፃፍልኝ፣ ፃፊልኝ፦ የተመረቃችሁበትን ዓመት፣ የተማራችሁትን ትምህርት፣ የመጀመሪያ ስራ እስክታገኙ ስንት ወር እንደፈጀ። ያላገኛችሁ «እስካሁን» በሉ። የሰው ስም፣ የድርጅት ስም፣ ስልክ ቁጥር አትፃፉ። ዓመት በዓመት ደምሬ እዚሁ ገፅ ላይ እመልስላችኋለሁ። ሲቆጠር ሲታይ «ሰነፎች ናቸው» ለማለት ይከብዳቸዋል።

ለባችህ ሰው ሼር አድርግ።